ልጄ ስልክ ላይ ቁርአን መቅራት አቆመች

«አሰላሙ ዐለይኩም። የምጽፍልሽ ከሻርጃ ነው። ሰው ቤት ከገባሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ደሴ እናቴ ዘንድ ናት። ማሻአላህ ከቁርአን 30 ጁዞች (ክፍሎች) 18 ጁዝ በቃሏ ሀፍዛለች። የኡስታዟን ወርሃዊ የምልከው እኔ ነኝ።

ባለፈው ረመዳን ሰፈራቸው ውድድር ነበር። በ15 ጁዝ ምድብ ገባች። ጎረቤታችን በኢሞ እያሳየችኝ፣ እኔ ልብስ እየተኮስኩ አየኋት። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ደወል ተደወለባት። ደገመችው፣ አሁንም ተደወለ። ከዚያ ዝም አለች። ኡስታዟ በኋላ ‹ከአንዓም ወደ ኢስራእ ገባችብን› አሉኝ፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የዚያን ማታ ደወልኩና ‹እንዲህ አድርገሽ ነው ከዚህ የምታወጪኝ?› አልኳት። ወላሂ ተናድጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ ቅሪልኝ ስላት ‹ደከመኝ› ትልና ስልኩን ለእናቴ ትሰጣለች። የምደውለው ሥራ ስጨርስ ማታ 5 ሰዓት ነው። በፊት ደስ ብሏት ነበር የምትቀራልኝ። እኔም የሰማሁትን ከስልኬ ቅጂ ጋር እያመሳከርኩ ስህተቷን እነግራት ነበር። አንዴ ፋቲሓ ላይ እንኳ ‹ማሊኪ› ስትል ቅጂው ‹መሊኪ› ስለሚል አርሜያታለሁ።

ዱባይ አንደኛ ለወጣ 1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰጥ በቲቪ ሰምቻለሁ። እናቴ ልጅቷ ስትቀራ ጎረቤት ያለቅሳል ትላለች። አጎቷ ደግሞ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ምን አላት ይላል። ምን ላድርግ? ደግሞ ታብሌት ልልክላት አስቤ ነበር፤ ልላከው?»

ወዐለይኪ ሰላም እህቴ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያቺን የስልክ ላይ ንግግርሽን ባትጽፊያት ኖሮ ማንም አያውቅብሽም ነበር። እኔም ስለ ክለሳና ስለ እንቅልፍ ምናምን ደርድሬ እሸኝሽ ነበር። ስለጻፍሻት ግን የልብሽን አውቄዋለሁ፤ ራስሽም ታውቂዋለሽ። እመለስባታለሁ። አስቀድሜ ስለዚያ ደወል ላውራሽ፤ ከሩቅ ሆነሽ ስለሰማሽው በትክክል የተረዳሽው አይመስለኝም።

በሂፍዝ (ቁርአንን በቃል የመያዝ) ውድድር ዳኛው ከአንድ ቦታ ትንሽ ያነብና ያቆማል። ልጁ ከዚያ ይቀጥላል። ሱራው (ምዕራፉ) ይሄ ነው፣ ገጹ ያ ነው ብሎ የሚነግረው የለም። 15 ጁዝ ማለት 300 ገጽ ያህል ነው። ከ300 ገጽ መሐል አንድ መስመር ተነበበልሽ እንበል፤ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የት እንዳለሽ አውቀሽ፣ ትንፋሽሽን ሰብስበሽ፣ ጉናውን (በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ) ጉና፣ መዱን (የሚሳበውን) መድ አድርገሽ መቀጠል አለብሽ። ያውም ሰው እያየሽ። የሚሳሳት ሲኖር ይደወላል። አሠራሩ ከውድድር ውድድር ቢለያይም የመጀመሪያዋ ደወል አብዛኛውን ጊዜ «ተመለሺ፣ አስተካክዪው» ማለት ናት። ካስተካከለች የሚቀነስባት ትንሽ ነው። ካቃታት ዳኛው ራሱ ቃሉን ያቀብላታል። ይህ «ፈትሕ» ይባላል፤ መክፈት ማለት ነው። ያኔ ቅናሹ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላም ግን ንባቡ ይቀጥላል። ደወል የተደወለበት ሁሉ ተባረረ ማለት አይደለም። ትልልቆቹ መድረኮች ላይ የሚያሸንፉትም ደወል ሰምተው ያውቃሉ።

እኔ ራሴ በልጅነቴ በጁዝ ዐማ (በመጨረሻው ጁዝ) ውድድር ቀርቤ ነበር። አልካፊሩን ላይ ገባሁና መውጫው ጠፋኝ። ያ ሱራ አንድ አያ (አንቀጽ) በመሐሉ ይደገማል። እኔም እየዞርኩ እዚያው እመለሳለሁ፣ እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። አንደኛ የወጣው ልጅ የሻይ ፔርሙዝ ተሸለመ። ያን ፔርሙዝ ቀለሙን ሳይቀር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ልጅሽ። «ከአንዓም ወደ ኢስራእ ገባችብን» የሚለው የኡስታዟ ቃል ለሀፊዞች ምንም ምስጢር የለውም። በቁርአን ውስጥ በጣም የሚመሳሰሉ አያዎች አሉ፤ «ሙተሻቢሃት» ይሏቸዋል። ከ6,236ቱ አያዎች ውስጥ ሀፊዝን የሚያስቸግረው ረጅሙ ወይም ቃሉ የከበደው አይደለም። ሌላ ቦታ መንትያ ያለው ነው። መንታ መንገድ በያቸው። እስከ አንድ ቦታ ድረስ ቃሉ አንድ ነው፤ ከዚያ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ይሄዳል። አሳቢው ጭንቅላት ሳይሆን የለመደው ምላስ ቀድሞ ከሄደ ከአንዱ ሱራ ወጥተሽ ሌላው ውስጥ ራስሽን ታገኚዋለሽ።

ኡስታዟ የጠቀሷቸውን ሁለት ሱራዎች ሳይ የትኛው ቦታ እንደሆነ ገመትኩ። በእነዚህ ሁለት ሱራዎች መካከል ሀፊዝ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መንታ መንገድ አለ። ኡስታዟን ጠይቂያቸው፤ ካልሆነም ደግሞ ብታውቂው አይጎዳሽም።

በአንዓም 151ኛው አያ ላይ «ወላ ተቅቱሉ አውላደኩም ሚን ኢምላቅ፣ ነሕኑ ነርዙቁኩም ወኢያሁም» ይላል። በኢስራእ 31ኛው ላይ ደግሞ «ወላ ተቅቱሉ አውላደኩም ኸሽየተ ኢምላቅ፣ ነሕኑ ነርዙቁሁም ወኢያኩም» ይላል። ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። መነሻቸው አንድ ነው። ልዩነቱን ዓረብኛ የማያውቅ ሰው ጆሮ ላይይዘው ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ከድህነት የተነሳ ልጆቻችሁን አትግደሉ፣ እኛ እናንተንም እነሱንም እንመግባለን ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ድህነትን ፈርታችሁ ልጆቻችሁን አትግደሉ፣ እኛ እነሱንም እናንተንም እንመግባለን ይላል። በአንዱ «እናንተን» ይቀድማል፤ በሌላው «እነሱን»። የተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ ደስ ይላል። በአንዓም ያለው ወላጅ አሁን ድሃ ነው። ዛሬ ማታ የሚበላው የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይረጋጋ፤ «እናንተን» ይባላል። በኢስራእ ያለው ወላጅ ግን ለዛሬው አላጣም። የፈራው ነገን ነው፣ ልጅ ሲበዛ ምን ላብላው ብሎ። እሱን የሚያስጨንቀው የልጁ ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ «እነሱን» ይባላል። ጥሩ ኡስታዝ ይህን ለልጅ ካስረዳ ልጁ ዕድሜ ልኩን አይሳሳትም። ትርጉም ከምላስ ይልቅ ያስታውሳል።

እኔ ግን ደብዳቤሽን ይዤ እነዚህን አያዎች ስመለከት ሌላ ነገር ታየኝ። ወላጅ ይቅደም ልጅ ይቅደም፣ በሁለቱም ቦታ የሚመግበው ልጁ አይደለም።

እህቴ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ሰው ቤት ስድስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ሰምቼ እንጂ ኖሬው አላውቅም። ካውያ ይዘሽ ቆመሽ፣ ልጅሽን በመዳፍ በምታህል ስክሪን እያየሽ፣ መውጫ የምታልሚ ከሆነ ሕልምሽ ነውር የለበትም። ግን ያ ሕልም የተጫነበትን ትከሻ እይው። 12 ዓመቷ ነው። ደወል የሰማችው በአንድ ቀን ሁለቴ ነበር። ሦስተኛው ደወል ማታ በስልክ መጣ። እሱ ደግሞ የስንት ጁዝ ስህተት እንደሆነ፣ በምን እንደሚታረም አልተነገራትም። ከዚያ ወዲህ «ቅሪልኝ» ስትያት የምትሰማው «ከዚህ አውጪኝ» የሚለውን ነው። ማን ይህን ተሸክሞ ድምፁን ያወጣል?

ስለ ዱባዩ ውድድር ቁርጡን ልንገርሽ። ሽልማቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለረጅም ዓመታት አንደኛ የሚወጣው 250,000 ድርሃም ነበር የሚያገኘው። በ2025 ደንቡ ተለወጠና ለአንደኛው 1 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ለሴቶችም ምድብ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ለሴቶች በሸይኻ ፋጢማ ቢንት ሙባረክ ስም ዱባይ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ የተለየ ውድድር ነበር። ስለዚህ የሰማሽው እውነት ነው። ግን እዚያ የሚወዳደረው 30ውን ጁዝ በሙሉ ከነተጅዊዱ (ከነአነባበብ ሕጉ) የሀፈዘ ነው። ልጅሽ 12 ጁዝ ይቀራታል። ከዚያም ሙሉውን ጨርሶ በየቀኑ የሚከልስ ልጅ ከየአገሩ ይመጣል፤ ከባንግላዴሽ ይመጣል፣ ከሊቢያ ይመጣል፣ ከናይጄሪያ ይመጣል። የሚያሸንፈው አንድ ነው። በዚህ ላይ የቤተሰብ እቅድ አይሠራም። ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደ መሥራት ነው። አንቺ የምትወጪበትን መንገድ ከልጅሽ ነጥለሽ አስቢው፤ በቁጠባ ይሁን፣ በሥራ ለውጥ፣ የራሱ ሒሳብ ይኑረው። ለዚያም ደብዳቤ ጻፊልኝ፣ የሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ እመልስልሻለሁ።

ውድድር መጥፎ ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እኔ እንዲያውም እወደዋለሁ። ረመዳን ላይ አንድ መስጊድ ውስጥ ሕፃናት ተሰብስበው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አፋቸውን በጣታቸው እየነካኩ ተራ ሲጠብቁ ማየት የሚያስደስተው እኔን ብቻ አይመስለኝም። ልጅን ለመከለስ ያነሳሳል። በአገራችን ድሮ ደረሳው ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ ቀርቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና ጽፎ ነው ቁርአንን የሚያኸትመው። ሲያኸትም ድግስ ነበር፣ ዱዓ ነበር። የዛሬው መድረክ የዚያ ድግስ ታናሽ ወንድም ነው። እያደገም ነው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ዓለም አቀፍ የቁርአንና የአዛን ውድድር ሲካሄድ ስንት ሰው እንባ እንዳፈሰሰ እናስታውሳለን። የመካው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ።

ከነዚህ ሁሉ ቀድማ ግን ማሌዢያ አለች፤ እሷ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ለልጅሽ የሚሆን ነገር ስላለ። እናትሽ «ስትቀራ ጎረቤት ያለቅሳል» ብለውሻል አይደል? ይህ ሌላ ተሰጥኦ ነው፤ ከሂፍዝ ጋር አትደባልቂው። ሂፍዝ የማስታወስ ውድድር ነው። «ቲላዋ» የሚባለው ደግሞ ሙስሐፉን (የቁርአን መጽሐፉን) ገልጦ በዜማ የመቅራት ውድድር ነው። ማሌዢያ ይህን በመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ በቱንኩ ዐብዱረህማን ሐሳብ አነሳሽነት ጀምራ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ኳላ ላምፑር መርዴካ ስታዲየም ውስጥ የሌሎች አገር ቃሪኦችን (ቁርአን አንባቢዎችን) ጋብዛ ዓለም አቀፍ አደረገችው። ኢንዶኔዢያ በ1968 ማካሳር ላይ የራሷን አገር አቀፍ ውድድር ጀመረች። እዚያ ቃሪው ባያቲ በሚባለው መቃም (የዜማ ስልት) ይከፍታል፤ ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ። ከዚያ ወደ ሒጃዝ፣ ወደ ነሃዋንድ፣ ወደ ረስት ይሻገራል። ሳባ የሚሉት መቃም አለ፤ እሱ ሲመጣ አዳራሹ ዝም ይላል፤ የኀዘን ዜማ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ባያቲ ተመልሶ ይዘጋል። ትዝታንና አንቺ ሆዬን ለይቶ የሚሰማ የእኛ ሰው ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። በማሌዢያው አሠራር ከ100 ነጥብ 40ው ለተጅዊድ ነው። ለድምፅ 15 ብቻ። ጎረቤት ያስለቀሰ ድምፅ «ቃፍ»ን እንደ «ካፍ» ካወጣ አያዛልቅም።

የአጎቷን ነገር በአጭሩ እለፈው። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ በዚህ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የሰፈራችሁን ሸኽ ጠይቁ። ሴቶች ለብቻቸው የሚወዳደሩበትና ሴቶች ብቻ የሚያዳምጡበት መድረክም አለ። በኢንዶኔዢያ ግን ሴት ቃሪኣ ብርቅ አይደለችም። ማሪያ ኡልፋ የተባለችው ቃሪኣ እ.ኤ.አ. በ1980 ማሌዢያ ሄዳ ዓለም አቀፉን ውድድር አሸንፋ ስንት ትውልድ አስተምራለች። ለአጎቷ ይህን ንገሪው። ባይቀበል እንኳ ዝም ብሎ የሚያስብበት ነገር ያገኛል።

ይልቅ «ማሊኪ» እና «መሊኪ» ያልሽው ነገር ላይ ላቁምሽ። ልጅሽ ልክ ነበረች።

ቅጂውም ልክ ነበር። ስልክሽ ላይ ያለው ቃሪእ ምናልባት የሞሮኮ ሰው ነው። ቁርአን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጀምሮ በቅብብል የደረሱን የታወቁ አቀራሮች አሉት፤ «ቂራኣት» ይባላሉ። እኛ ጋና በአብዛኛው ዓለም የሚቀራው ሐፍስ ከዓሲም ያስተላለፈው ነው፤ በሱ «ማሊኪ የውሚዲን» ነው፣ «ማ» ተስቦ። በሰሜን አፍሪካ በብዛት የሚቀራው ወርሽ ከናፊዕ ያስተላለፈው ነው፤ በሱ «መሊኪ» ነው፣ አጥሮ። ሱዳን ውስጥ ደግሞ ዱሪ ከአቡ ዐምር ያስተላለፈው የሚቀራበት አካባቢ አለ፤ እሱም «መሊኪ» ይላል። አንዱ የፍርዱ ቀን ባለቤት፣ ሌላው የፍርዱ ቀን ንጉሥ ማለት ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ልጅ ግን አንዱን ይዛ ነው የምታድገው። ልጅሽ በትክክል የተማረችውን ትክክል ቀርታ ተሳሳትሽ ተባለች። ምን ብላ ትመልስልሽ? እናቷ ነሽ። ዝም አለች። ዝምታው እዚያ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፦ ማረሙን ተዪው። እሱ የኡስታዟ ሥራ ነው፤ ገንዘብ የምትከፍይውም ለዚሁ ነው። ስልኩን በሰውየው ቅጂ ላይ አድርገሽ በሌላው ጆሮሽ ልጅሽን አትስሚ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ይቅርታ ጠይቂያት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ በእኛ ዘንድ ብዙ አልተለመደም፣ አውቃለሁ። በቪዲዮ አይሁን፤ ፊትሽን እያየች ማልቀስ ወይም አለማልቀስ የሚል ሌላ ፈተና አትስጫት። በድምፅ መልእክት ላኪላት፤ ለብቻዋ ደጋግማ ትስማው። አጭር ይሁን። «የዚያን ማታ ያልኩሽ ልክ አልነበረም። እኔን ከዚህ ማውጣት ያንቺ ሥራ አይደለም። ፋቲሓ ላይ የነገርኩሽንም ተሳስቼ ነው፤ አንቺ ነበርሽ ልክ።» በቃ። «ግን አንቺም ብታጠኚ ኖሮ» የሚል ጭራ እንዳትቀጥዪበት። ያ ጭራ ከመጣ ሌላው ሁሉ ይረሳል።

የመደወያ ሰዓትሽንም ቀይሪ። አንቺ ጋ ማታ 5 ሰዓት ሲሆን ደሴ 4 ሰዓት ነው። ሱብሒ ለመነሳት የምትተኛ የ12 ዓመት ልጅ ነች። «ደከመኝ» ያለችሽ ቢያንስ ግማሹ እውነት ነው። በሳምንት አንድ ቀን የእረፍት ጠዋት ካለሽ እሱን ለሷ አድርጊው። በሌላው ቀን ለእናትሽ ደውዪ።

ከዚያ ሲደርስ «ቅሪልኝ» ከማለትሽ በፊት አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ኡስታዟ ነግረዋት ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዐብዱላህ ኢብን መስዑድን «ቅራልኝ» አሉት። እሱም ግራ ገባው። በእርስዎ ላይ የወረደውን እኔ ለእርስዎ ልቅራ? አላቸው። «ከሌላ ሰው መስማት እወዳለሁ» አሉት። ሱረቱ ኒሳእን ይዞ ቀራ። 41ኛው አያ ላይ ሲደርስ «ሐስቡክ» አሉት፤ ይበቃሃል። ቀና ብሎ ሲያይ ዓይኖቻቸው እንባ ያፈሳሉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዛሬ በየመድረኩ ዳኛው ልጁን ሲያስቆም የሚላት ቃል ይህችው ናት፣ «ሐስቡክ»። ስንት ሕፃን ቃሏን እንደ ፊሽካ ይፈራታል! መነሻዋ ግን ያለቀሰ አድማጭ ነው።

አንቺ ከሱ የምትወስጂው ማዳመጡን ነው። ምናልባት ግን ወዲያው አትቀራልሽም። አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ገልብጪው፤ አንቺ ቅሪ፣ እሷ ታርምሽ። ደብዳቤሽ ላይ ምን ያህል እንደምትቀሪ አልነገርሽኝም፤ አነሰ ብለሽ ግን አትፈሪ። እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር (ምንዳ) እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል፤ ያንቺ ዓይነቱን ነው። ሱረቱ ድሓን ያዢ። 11 አያ ናት። «አንድ ሱራ አስተምሪኝ፣ እዚህ ልብስ ስተኩስ እላታለሁ» በያት። በየሳምንቱ ሁለት አያ። ስትሳሳቺ ትስቅብሽ። «ዷድ» የሚባለውን ፊደል ስታበላሺ ሦስቴ ታስደግምሽ። ደወሉን ለሷ ስጫት። አስተማሪ የሆነ ልጅ የተማረውን ይከልሳል፣ ሳያውቀው።

ኡስታዟንም አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ አዲስ ጁዝ መጨመሩ ለጊዜው ቢቆምስ? 18 ጁዝ 360 ገጽ ነው። በቀን አንድ ጁዝ፣ 20 ገጽ፣ ብትከልስ ዙሩን ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅባታል። አዲስ እየጨመረች ይህን ማድረግ ለትምህርት ቤት ልጅ ብዙ ነው። በሐዲስ ቁርአን ከታሰረ ግመል ይልቅ ቶሎ ያመልጣል ተብሏል። ያመለጠው ሊሆን የሚችለው ለወራት ያልተጎበኘ ግመል ነው። ኡስታዟ ግን ከኔ የበለጠ ያውቋታል፤ ሐሳቡን አቅርቢ፣ አትዘዣቸው።

የሚቀጥለው ረመዳን ትወዳደር አትወዳደር? ስትጠየቅ እሷ ትመልስ። እምቢ ካለች እምቢ ነው። እሺ ካለች ደግሞ ያን ቀን ጎረቤት በኢሞ እንዳታሳይሽ። ሲያልቅ ደውይላት፤ መጀመሪያ ምን በላሽ በያት።

ታብሌቱን አትላኪው። አያቷ ሊቆጣጠሩት አይችሉም፣ አንቺም ከዚያ ሆነሽ አትችዪም። ይልቅ ሙስሐፍ ላኪላት፤ ግን ያገኘሽውን አይደለም። ሀፊዝ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የገጹንም መልክ ነው የሚይዘው። ያ የአንዓም አያ በመዲናው ኅትመት 148ኛው ገጽ ላይ በግራ በኩል ግርጌ ነው። የኢስራኡ 285ኛው ገጽ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከላይ ወረድ ብሎ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና የምታየው ይህንኑ ነው። ኅትመቱን ከቀየርሽባት ቤቷን አፍርሰሽ እንደ መሥራት ነው። መጀመሪያ እናትሽ ልጅቷ የያዘችውን ሙስሐፍ አንድ ገጽ ፎቶ ያንሱልሽ። 15 መስመር ከሆነ፣ 604 ገጽ ካለው፣ 3ኛው ገጽ «ኢነለዚነ ከፈሩ» ብሎ ከጀመረ፣ ያንኑ ዓይነት ሻርጃ ውስጥ በቀላሉ ታገኚያለሽ። ትልቁን አትግዢ፤ ደሴ ይዞ የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ መካከለኛው ይሻላል።